መረቁን ለልጁ፣ ሥጋውን ለአዋቂው? ይህ ልማድ ይብቃን!

«ዶክተር፣ ልጄ የሥጋ መረቅ ሳይጠጣ አይውልም፤ ታዲያ ደም ማነስ ከየት መጣበት?»

ይህን ጥያቄ ከወላጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ሥጋውንስ ማን በላው?» ብዙ ጊዜ ዝምታ ይከተላል። ሥጋው ለአባት፣ ለእንግዳ ወይም ለትልልቆቹ ልጆች ቀርቧል። ለሕፃኑ የደረሰው ውሃው ነው።

«ሲቀቀል ጉልበቱ ሁሉ ወደ መረቁ ይወጣል» የሚባለው ስህተት ነው። ወደ መረቁ የሚወጣው ጣዕሙ፣ ስቡና የተወሰኑ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ናቸው። ለደም የሚያስፈልገው አይረንና ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ ይቀራሉ። ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም ያህል አይረን ያስፈልገዋል። ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው 8 ነው! የሕፃኑ ሆድ ግን ትንሽ ናት። እሷን በመረቅ ሞልተን «በልቷል» እንላለን።

ጥፋቱን በእናቶች ላይ ብቻ አላሳብብም። እኛ የጤና ባለሙያዎችም «ሾርባ ስጡት» ብለን እናልፋለን፤ ሾርባው ውስጥ ምን እንዳለ አንጠይቅም።

«ጥርስ ሳይኖረው እንዴት ያኝከዋል?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ግን ሥጋውን መከልከል ሳይሆን በደንብ ማብሰል ነው።

✅ ጭቅና አያስፈልግም። ጅማት ያለው ጠንካራ ሥጋ በለሰለሰ እሳት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሲበስል ጅማቱ ይሟሟል፤ ሥጋው በጣት ይፈርሳል፣ መረቁም ይወፍራል።

✅ ስሎው ኩከር ያላችሁ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ 8 ሰዓት ያህል ተዉት። ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ሥጋ ግን አስቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ እንደ በረደ ከገባ ለብ ብሎ ይቆይና ጀርም ይራባበታል።

✅ በርበሬና ጨው ሳይገባ የልጁን ድርሻ አውጡ።

✅ ከ6 ወር ጀምሮ ሥጋውን አድቅቃችሁ ከመረቁና ከድንች ጋር ለውሱ። በጥቂቱ ጀምራችሁ ወደ ሁለት ሦስት ማንኪያ አሳድጉ። ቁራሽ ሥጋ አትስጡ፤ ያንቀዋል።

❌ ከምግብ ጋር ሻይ አትስጡ፤ አይረን በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

«ሥጋ ተወዷል» የሚለውን አውቃለሁ። ግን ሁለት ማንኪያ ሥጋ ኪሎ አይደለም። ሥጋ በማይገዛበት ሳምንት እንቁላልና ምስር ስጡ፤ ምስሩ ላይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ አይረኑ በተሻለ ይመጠጣል።

ልጃችሁ ከገረጣ፣ ቶሎ ከደከመው ወይም አፈር ከበላ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ደም ማነስ ከተገኘበት በምግብ ብቻ አይታከምም፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ዛሬ ማታ ድስቱ ሲወርድ የመጀመሪያው ጭልፋ ለማን እንደሚወጣ እዩ። በቤቱ ውስጥ ሥጋው ይበልጥ የሚያስፈልገው ትንሹ ልጅ ነው።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።