ችግኝ ለሚያፈሉ ቦታ ይሰጣቸው

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል የተወራው ስለ ተካዩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመርም የሰው ዓይን ያረፈው በመንገዱ ዳር በተደረደረው ለምለም ተክል ላይ ነው። ችግኙን ወራት ሙሉ በላስቲክ ያሳደገው፣ ያጠጣውና ጭኖ ያመጣው ሰው ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም።

በመዲናዋ አስፋልት ዳርና በወንዞቿ ዳርቻ ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ብዙዎች ቋሚ ይዞታ የላቸውም። መንገድ ሲሰፋ ወይም ግንባታ ሲመጣ ተነሡ ይባላሉ። ሥራቸው ደግሞ ጊዜ የሚበላ ነው። ጄራኒየም ተቆርጦ ቢተከል በሳምንታት ውስጥ ሥር ይይዛል፤ የተዳቀለ አቮካዶ ግን እንዲህ አይገኝም። መጀመሪያ ፍሬው ይዘራል፤ ግንዱ የእርሳስ ያህል እስኪወፍር ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያ ጥሩ ከሚያፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ይገጠምበታል፤ ቀንበጡ እስኪጣበቅና እስኪያቆጠቁጥ ሌላ ወራት ይሄዳል። ገዢው ለዚህ ድካም የሚከፍለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘር የበቀለው ከአምስት ዓመት በላይ ሲያስጠብቅ፣ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል።

እንዲህ ዓይነቱን ተክል በአጭር ማስጠንቀቂያ አንሡ ማለት ግማሹን ግደሉ እንደ ማለት ነው።

አሥር ሊትር የሚይዝ ጣሳ እርጥብ አፈር ሲሞላ ክብደቱ ከአሥር ኪሎ ያልፋል። የቸኮለ ጫኝ ተክሉን በግንዱ ይዞ ያነሣዋል፤ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ውሃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ። ከዚያ ክፍት አይሱዙ ላይ ይወጣል። መኪናው ሲፈጥን ነፋሱ የቅጠሉን ውሃ ይወስዳል፤ የተበጠሰው ሥር ደግሞ የሄደውን ውሃ መተካት አይችልም። ጉዳቱ በዕለቱ ስለማይታይ ገዢው ደስ ብሎት ይወስደዋል። ተክሉ ከቀናት በኋላ ሲጠወልግ ወቀሳው በሻጩ ላይ ይወርዳል።

ሥራውን የሚያውቁት ማታ አጠጥተው ጎህ ሲቀድ ይጭናሉ፤ በሸራ ይሸፍናሉ፤ ሲደርሱም ጥላ ሥር ያሳርፋሉ። በጥላ ያደገውን የሳሎን ተክል ቀስ በቀስ ካላስለመዱት በቀር ፀሐይ ላይ አያወጡትም፤ ቅጠሉ ይቃጠላልና። ለዚህ ሁሉ ግን ጊዜ፣ ውሃና መኪና የሚቆምበት ቦታ ያስፈልጋል። የእግረኛ መንገድ ጥግ የያዘ ሰው ከሦስቱ አንዱንም ላያገኝ ይችላል።

አገሪቱ ተክልን በእንክብካቤ ማጓጓዝ አልተሳናትም። ከቆቃ አካባቢ እርሻዎች ሥር ያላወጡ የአበባ ቁርጥራጮች በካርቶን ታሽገው፣ ቅዝቃዜያቸው ተጠብቆ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። ለፈረንጆች ገና የሚሸጠው ቀይ ፖይንሴቲያም ከእነዚህ አንዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ አፈር ስለማያስገባ ተክሉ ሥር የሚይዘውና ጣሳ ውስጥ የሚገባው እዚያው ነው፤ ከዚያም ተሽከርካሪ ባለ ፎቅ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ለውጭ ገበያ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር፣ ጎረቤቱ ለሚገዛው ጽጌረዳና ጤና አዳም ሸራ የለበሰ መኪናና የውሃ ቧንቧ ቢያስብለት አይበዛበትም። በተለይ ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አረንጓዴ ነገር የሚያገኘው በረንዳው ላይ ባለችው ጣሳ ነው።

ስለዚህ ክፍለ ከተሞች ችግኝ ለሚያፈሉ ሰዎች ቢያንስ የአምስት ዓመት ውል፣ የውሃ መስመርና የጋራ መጫኛ ያለው ቦታ ይስጡ። ቦታውም ገዢ ከሚያልፍበት አይራቅ፤ ዳር አውጥቶ መጣል ማጓጓዣውን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም። የመንግሥት ግዢም በተረከቡት ብዛት ብቻ አይከፈል፤ ከፊሉ ክፍያ ከወር በኋላ በሕይወት በተገኘው ተክል ልክ ይሁን፤ የመትከሉንና የማጠጣቱን ኃላፊነትም ውሉ በግልጽ ይለይ። ይህ ሁሉ በመስከረምና በጥቅምት ካልተጀመረ ወራት የሚፈጀው ችግኝ ለመጪው ክረምት ላይደርስ ይችላል።