ያረጀ ሸራ በአዲስ ዋጋ



ሚዛን ስለሚያጎድል ነጋዴ በየመስጂዱ ሲነገር ኖሯል። መፍቻ ይዞ ስለሚያጎድለውስ ማን ተናገረ?

የአጎቴ ልጅ ከወልድያ መርሳ በሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ቤተሰብ ያስተዳድራል። የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ቢያስቸግረው አብረን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከሥራው እንጂ ከሰውየው አይደለም። ባለሙያው ጎማዎቹን ፈትቶ አየና «ሸራው በሙሉ አልቋል፣ ይቀየራል» አለ። ዋጋውን ብንጠይቀው «እሱ አያጣላንም፤ አብሽሩ ሸኽዬ!» አለን። ሁለት ቀን የተባለው ስድስት ቀን ፈጀ። የአዲስ ሸራ ዋጋ ተጠየቅን። ደረሰኝ ስንል ሳቁብን፤ አሮጌውን ሸራ አሳዩን ስንል «ተጥሏል» አሉን። ከፍለን ወጣን።

በአምስተኛው ቀን ልጁ ስሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። በአላህ ችሮታ በማርሽ እየያዘ መንገድ ዳር አቆመው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። መርሳ ላይ ሌላ መካኒክ ሲፈታው የኋላው ሸራ ያው አሮጌው ሆኖ ተገኘ፤ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ አዲስ መስሏል። የፍሬን ዘይቱም አልተነካም። ተመልሰን ብንጠይቅ መልሱ «ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር» ሆነ።

ይህን «የሙያ ብልጠት» የምትሉ ሆይ! ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሸራው ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ከድልብ ወደ ወልድያ የሚወርድ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ታዲያ የተሰረቀው ገንዘብ ብቻ ነውን? ነፍስም ለአደጋ ተሰጥቷል!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩም እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢው አለማሳየቱን እንዳወገዙበት በሙስሊም ሶሒሕ ተዘግቧል። በአሸዋ የታሸ ሸራ ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ሱረቱል ሙጦፊፊን የሚጀምረውም ለራሳቸው ሞልተው እየወሰዱ ለሌላው የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው።

«መለዋወጫ ተወዷል፤ ጦርነቱም አራቁቶናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያየችውን አይተናል። ግን ሚኒባሱ ላይ የተሳፈረውም ያንኑ ያየ ሰው ነው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥም ነውር የለበትም፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ በግልጽ ይሸጣል። ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ነው ብሎ መማል ነው። ለተቸገረ ሰው «አሮጌ ነው፣ በዚህ ዋጋ ልግጠምልህ?» ማለት ምን ይጎዳል?

እኛ ባለጉዳዮችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። «ለጊዜው ብቻ አስኪድልኝ» የምንል እኛ ነን። ዋጋ ሳንቆርጥ መኪና ጥለን የምንሄድ፣ ስንታለልም «ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» ብለን የምንተው እኛ ነን። ይህ ሶብር አይደለም፤ አጭበርባሪውን ለቀጣዩ ሰው ማቀበል ነው። ሸሪዓችን በኢጃራ ውል ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ የታወቀ እንዲሆን ያዛል። የእጅ ባለሙያ በእጁ ለጠፋ የሰው ንብረት ተጠያቂ እንዲሆን ሰይዲና ዓሊ ይፈርዱ እንደነበርም ተዘግቧል፤ ዑለሞች በዝርዝሩ ቢለያዩም። የአገሪቱም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ዋጋውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ስትበደሉ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። አማናውን የሚጠብቀውን መካኒክ ደግሞ ለጎረቤት ንገሩ፤ እንዲህ ያለውም ሞልቷል። የመርሳው ባለሙያ ጉድለቱን አሳይቶ፣ ዋጋውን ነግሮ፣ አሮጌውን ሸራ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጥቶናል።

በመጨረሻ ልጆቻችሁን ሙያ እንዲለምዱ ጋራዥ የምታስገቡ ወላጆች ሆይ! ልጁ ማታ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ዛሬ ምን ሠራህ?» በሉት። ያን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ያሸው፣ ጌታው ያዘዘው የአንዳችን ልጅ ነው።

አላህ ከሐራም ሲሳይ ይጠብቀን፤ በላባችን ውስጥ በረካ ያድርግልን። አሚን።