ከሻይ ብርጭቆው ይጀመር
ለገዳሪፍ፣ ለጋላባትና ለመተማ ቤተሰቦች የቀረበ ጥሪ

ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ ናት። ከሰፊ የዝናብ እርሻዋ የሚታፈሰው ማሽላ አገሪቱን ይመግባል፤ ሰሊጧም ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። በየጎዳናው ዳር፣ በዛፍና በዳስ ጥላ ሥር፣ ከሰል አቀጣጥለው ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ከመካከላቸው ከድንበር ማዶ የመጡ ኢትዮጵያውያን አይታጡም። ሻዩ የሚቀርብበት ብርጭቆ ትንሽ ነው። ከሥሩ የሚተኛው ስኳር ግን ትንሽ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ የዕድሜ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ፣ በሱዳን ከ100 አዋቂዎች 19 ያህሉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። በኢትዮጵያ ቁጥሩ 5 አካባቢ ነበር። የሕመሙ መንስኤ ብዙ ነው፤ ዘር፣ ውፍረትና የእንቅስቃሴ ማነስም ድርሻ አላቸው። አንድ ቤተሰብ ዛሬውኑ ሊለውጠው የሚችለው ግን ብርጭቆውንና ገበታውን ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣና በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ቢጨምር፣ ለአንድ ሰው 36 ግራም፣ ለቤቱ 180 ግራም ስኳር በየቀኑ ያልቃል፤ በወር 5.4 ኪሎ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያው ከስኳር የሚገኘው ኃይል ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ቤተሰብ ልኩን ያለፈው በሻይ ብቻ ነው። ለስላሳው፣ ብስኩቱና ከረሜላው ገና አልተቆጠሩም።

የመጀመሪያው ጥሪ እንግዲህ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ይወረድ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ናና ደግሞ የጎደለውን ጣዕም ይክሳሉ። ለታማሚው ብቻ ሻይ ለይቶ ማቅረብ አይበጅም። አባት በአራት ማንኪያ እየጠጣ እናት ትቀንስ ቢባል ነገሩ ሳምንት አይዘልቅም። ስኳሩ በግማሽ ሲቀንስ በወር የሚተርፈው የ2.7 ኪሎ ዋጋ ለምስርና ለባቄላ ይዋል።

ሁለተኛው ጥሪ ስለ ዱቄታማው ምግብ ነው፤ ይህ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኪስራ፣ አሲዳና የማሽላ እንጀራ የአካባቢው ሰው ኑሮ ናቸው፤ ይቅሩ ማለት ረሃብን መጋበዝ ነው። ቅድሚያ መቀነስ ያለባቸው ነጭ ዳቦ፣ መኮሮኒና ጣፋጭ ኬክ ናቸው፤ የተፈተገ ዱቄት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ያንረዋልና። ማሽላው ከነፉርሽካው ይፈጭ። ከሳህኑ ግማሹን ባሚያ፣ መሎኽያ፣ ቲማቲምና ሌላ አትክልት፣ ሩቡን ፉል ወይም ምስር፣ የቀረውን ሩብ እንጀራው ወይም አሲዳው ይያዘው። በክረምት ባሚያ ሲረክስ አድርቆ ማስቀመጥ የአገሩ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ለበጋውም ወጥ ይሆናል።

ይህ ምክር ግን ለሁሉም እኩል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ረሃብ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ያስጠለለው፣ በኅዳር 2020 እንደገና የተከፈተው ኡም ራኩባ፣ እንዲሁም በ2021 መጀመሪያ የተከፈተው ቱናይድባ መጠለያዎች ውስጥ ችግሩ የምግብ ማነስ ነው። ለከሳ ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ምግብ አይቀነስም። በእነዚህ ቤቶች ስኳሩ ሲቀንስ በቦታው ጥራጥሬ፣ ኦቾሎኒ ወይም ዘይት መግባት አለበት። የዕርዳታ ድርጅቶችም በእህሉ ላይ ጥራጥሬ እንዳይጓደል ሊያደርጉ ይገባል።

ትንንሾቹን በሚመለከት የሩቅ አገር ማስረጃ አለ። በብሪታንያ የስኳር ራሽን እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 1953 ዘልቆ ነበር። ሳይንስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በራሽኑ ዘመን ያለፉ ሰዎች፣ ከራሽኑ በኋላ ከተፀነሱት ይልቅ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከሩ ሕፃን የሚያጎርሱ እናቶችና አያቶች ይህን ልብ ይበሉ፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስኳር አያስፈልገውም።

መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ ምግብ በድንገት አይቁረጡ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ምግቡ ሲቀንስ መጠኑም በሐኪም መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ቶሎ የማይሽር ቁስል ያለበት ሁሉ ይመርመር። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር ሕመም ነው።

ሻይ ሻጮች ስኳሩን አስቀድመው ከመጨመር በዕቃ ለይተው ያቅርቡ፤ ጠጪው ራሱ ይመጥን። ዕድሮች በለቅሶ ቤት፣ ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች በበዓልና በኢፍጣር ማዕድ፣ ከለስላሳው ጎን ውሃና ያልጣፈጠ ከርከዴ ያኑሩ። የጤና ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ቀን በገበያ ቦታ የደም ስኳር ይለኩ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ደግሞ ዛሬ ማታ ሻይ ሲፈላ ከቤተሰቡ ጋር ይምከርና ከእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ማንኪያ ያስቀር።