በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ለምን ይንቀራፈፋሉ?

ዛሬ የምንነጋገረው ትንሽ ስለምትመስል፣ ነገር ግን በብዙ ቤት ውስጥ ባልና ሚስትን ስለምታነታርክ ጉዳይ ነው።

በቤታችሁ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ እንበል። አንዱ ሳሎን ነው፤ ሌላው መኝታ ቤት ያለ ላፕቶፕ ነው። የሠርጋችሁን ቪዲዮ ከአንዱ ወደ ሌላው በዋይፋይ ለማስተላለፍ ስትሞክሩ ኮምፒውተሩ «አንድ ሰዓት ይቀራል» ይላችኋል። አንዳችሁ «ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ይቀየር» ትላላችሁ፤ ሌላችሁ «የለም፣ ኢንተርኔቱ ነው፤ ከፍ ያለውን ፓኬጅ እንግዛ» ትላላችሁ። እስቲ የቤቱ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን አብረን እንመርምር።

በመጀመሪያ ይህን ይወቁ። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚሄደው ቪዲዮ ከግቢያችሁ አይወጣም። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ሌላው ኮምፒውተር ነው የሚጓዘው። የኢንተርኔት መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ይህ ጉዞ አይቆምም። ስለዚህ በየወሩ ከፍ ያለ ክፍያ ቢከፍሉ ቪዲዮው በአንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጥንም።

ታዲያ የሚያዘገየው ምንድን ነው? ዋይፋይ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ገመድ አልባ ከሆኑ እያንዳንዱ የቪዲዮ ቁራጭ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.11ጂ የተባለው የዋይፋይ ዓይነት ካርቶኑ ላይ «54 ሜጋቢት በሰከንድ» ተብሎ ይጻፍበታል። በተግባር ግን የሚያደርሰው 20 ገደማ ነው። ሁለቱም ገመድ አልባ ሲሆኑ ወደ 10 ይወርዳል። 1 ባይት 8 ቢት በመሆኑ፣ 4 ጊጋባይት ቪዲዮ 32 ሺህ ሜጋቢት ያህል ነው። በ10 ሲካፈል 53 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። «አንድ ሰዓት» የመጣው ከዚህ ነው፤ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። በኋላ የወጡት የዋይፋይ ዓይነቶች ፈጣን ናቸው፤ ሁለት ጊዜ መሻገሩ ግን በእነሱም አይቀርም።

አሁን በቅደም ተከተል ይሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁልጊዜም አንዱኑ ፋይል እያስተላለፉ ሰዓት ይያዙ።

አንደኛ፦ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ራውተሩ ወዳለበት ክፍል ያምጡ። ፍጥነቱ በጣም ከጨመረ ጥፋቱ የርቀት ወይም የግድግዳ ነው። የድንጋይና የኮንክሪት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ ፍሪጅና ትልቅ መስታወት ሞገዱን ያዳክማሉ። ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው በቤቱ መካከል፣ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡት።

ሁለተኛ፦ ቀርበውም ካልፈጠኑ የጎረቤት ዋይፋይ እየተጋፋችሁ ይሆናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ራውተሩን ከእነዚህ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ይቀይሩት። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ፣ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት አይለኩ። መሣሪያዎቻችሁ ሁሉ 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው ወደዚያ ይሂዱ፤ ነገር ግን እሱ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ አነስተኛ ነው።

ሦስተኛ፦ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የዋይፋይ ግንኙነቱን ፍጥነት ይመልከቱ። ራውተሩ አዲስ ሆኖ ሳለ አንዱ ኮምፒውተር አጠገቡ ተቀምጦ 54 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። የላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ማስተላለፊያ መግዛት ይበቃል እንጂ ላፕቶፑን መጣል አያስፈልግም። ወይም ደግሞ ራውተሩ ዌፕ ወይም ቲኪፕ በተባሉት አሮጌ የጥበቃ ዘዴዎች ተቆልፎ ይሆናል። እነዚህ አዲሱንም መሣሪያ ወደ አሮጌው ፍጥነት ይመልሱታል። ወደ ደብሊውፒኤ2 እና ኤኢኤስ ይቀይሩት። ፍጥነት ለማግኘት ብለው ግን የይለፍ ቃሉን ፈጽሞ አያንሱ።

አራተኛ፦ አንዱን ኮምፒውተር፣ በተለይ ከቦታው የማይነሳውን የሳሎኑን፣ በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። ቪዲዮው ድልድዩን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሻገር 53ቱ ደቂቃ ወደ 27 ይወርዳል። ሁለቱንም በኬብል ካገናኟቸው፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ራውተር እንኳ 6 ደቂቃ ገደማ ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ ለአብዛኛው ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ውድ አንባቢያችን፣ ቪዲዮው የሚተላለፈው ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ፍላሽ ይዞ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መሄድም ያዋጣል። ሥራው የዘወትር ከሆነ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ ፋይሉን ላኩ፣ ሌላችሁ ሰዓት ያዙ። «ያንቺ ነው፣ ያንተ ነው» የሚለው ክርክር የሚያልቀው ሲለካ ነው።