የተሰነጠቀ ፊልትሮ ምን ይመሰክራል?

በገርጂና በሲኤምሲ ጋራዦች የዘይት ፊልትሮ ጥራት የሚዳኘው በእጅና በዓይን ነው። ደንበኛው ካርቶኑን ያገላብጣል፤ መካኒኩ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይመዝናል፤ ክርክር ከተነሣ ፊልትሮው በመጋዝ ተሰንጥቆ የወረቀቱ እጥፋት ይቆጠራል። እጥፋቱ የበዛው «ኦሪጅናል»፣ ያነሰው «ኮፒ» ይባላል።

ልማዱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የተሰነጠቀ ፊልትሮ ሙጫው መልቀቁን፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚይዘው ጎማ መድረቁን ያሳያል። የእጥፋት ብዛት ግን የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ስፋት ብቻ ነው። ስፋት ፊልትሮው ሳይደፈን የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል እንጂ ስለ ቀዳዳዎቹ መጠን ምንም አይመሰክርም።

በካርቶን ላይ የሚታተመው «20 ማይክሮን» የሚል ቁጥርም ብቻውን ባዶ ነው። የዚህን መጠን ብናኝ 50 በመቶ የሚያስቀር ፊልትሮም፣ 99 በመቶ የሚያስቀርም ያንኑ ቁጥር ሊለጥፉ ይችላሉ። ከ1,000 ብናኝ የመጀመሪያው 500 ያሳልፋል፤ ሁለተኛው 10። ይህን ልዩነት የሚለየው አይኤስኦ 4548 በ12ኛ ክፍሉ የደነገገው ሙከራ ነው፦ መጠኑ የታወቀ አቧራ በዘይት ውስጥ እየተጨመረ፣ ዘይቱም ደጋግሞ እየዞረ፣ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለው ብናኝ ይቆጠራል።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አዲስ አበባ የቅንጦት አይደለም። ከቦሌ መገናኛ፣ ከዚያም እስከ አያት ድረስ ቁፋሮና ግንባታ ባልተለየው ጎዳና የሚነሣው አቧራ በአየር ማጣሪያው ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ተሽከርካሪ ክፍሎቹን የሚለያየው የዘይት ሽፋን በጥቂት ማይክሮን የሚለካ በመሆኑ፣ ፋሻና ሲሊንደር የሚበላው ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነባሩ ቪትዝና ኮሮላ ከታሰበለት ዕድሜ በላይ ማገልገሉ አይቀርም።

የብናኝ ቆጠራው መሣሪያ ውድ ነው። ሆኖም እስኪገዛ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ሰበብ እንጂ ምክንያት አይሆንም። ማጣሪያውን በአልኮል ነክሮ፣ ከውስጥ በኩል አየር በዝግታ እየገፉ፣ የመጀመሪያው አረፋ የወጣበትን ግፊትና ቦታ መመዝገብ የማንኛውም ምሕንድስና ተቋም ቤተ ሙከራ የሚችለው ሥራ ነው። ግፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ አረፋው ከሙጫው ስፌት ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የወረቀቱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። ሙከራው የማጣራት አቅምን በመቶኛ አይሰጥም፤ ጉድለት ያለበትን ግን ይለያል። የማለፊያ ቫልቩን የመክፈቻ ግፊት ለመለካትም ፓምፕና የግፊት መለኪያ ይበቃሉ። ያለጊዜው የሚከፈት ቫልቭ ካለ ዘይቱ ምርጡን ወረቀት እንኳ ሳይነካው ያልፋልና ይህ ልኬት ሊዘለል አይገባም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከዚህ የቀረበ ርእስ ማግኘት ያስቸግራል። ጥንቃቄ የሚሻው ናሙናው ነው፤ ከአንድ መደብር በአንድ ቀን የተገዙ አሥር ፊልትሮዎች ስለ ገበያው አይናገሩም። እውነተኛውና ሐሰተኛው አንድ ዓይነት ካርቶን ስለሚለብሱ፣ ግዢው ከሶማሌ ተራም ከገርጂም፣ በተለያየ ጊዜና የምርት ቁጥሩ እየተመዘገበ መሆን ይኖርበታል።