ለኮቺንግ ዝግጁ ነኝ ወይ?

“ጋሼ፣ አንድ ጥሩ ኮች ያገናኙኝ” አለኝ። እሑድ ነው፤ አምልኮው አልቆ ወንበር እየተሰበሰበ ነበር። ይህ ወንድም ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ማታና ቅዳሜ የወጣቶች አገልግሎት ይመራል፤ ቤቱ ሚስትና ገና ዳዴ የምትል ልጅ አሉት። “ሕይወቴ ቆሟል፣ አገልግሎቱም ቆሟል። የሚገፋኝ ሰው ያስፈልገኛል” አለኝ።

እኔም መልሼ ጠየቅሁት፤ “ያ ሰው ስለ ምን ባይጠይቅህ ትመርጣለህ?”

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ መሬት መሬት እያየ፣ “ስለ ቤቴ ባይጠይቀኝ” አለ።

“እንግዲያው ትንሽ ቆይ” አልሁት። ቅር እንዳለው ከፊቱ አየሁ። ይህን የምጽፈው ለምን “ቆይ” እንዳልሁት ለማስረዳት ነው፤ እንደ እርሱ የሚጠይቁኝ ወንድሞችና እህቶች ቁጥራቸው እየበዛ ነውና።

ኮቺንግን አልቃወምም። እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ለኮቺንግ ዝግጁ ነው ብዬ አላምንም። የመክፈል አቅምና ትርፍ ጊዜ መኖሩም ዝግጁ አያደርግም። ዝግጁ የሚባለው ሰው፣ ሲጠየቅ እውነቱን ለመናገር፣ የተናገረውንም ይዞ አንድ እርምጃ ለመሄድ የወሰነ ሰው ነው።

ኮቺንግ ምንድን ነው?

ኮች ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። ነገሩ በእርግጥ ከስፖርት ጋር ይገናኛል። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አሰልጣኝ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቾች ከተጋጣሚያቸው ይልቅ በውስጣቸው ካለው ጥርጣሬና ጭንቀት ጋር እንደሚታገሉ ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ደግሞ ይህን ሐሳብ ወደ ሥራና ወደ አመራር ዓለም አመጣው። በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ በሰፊው የታወቀው አካሄድ አራት ነገሮችን በተራ ይጠይቃል፤ ምን ትፈልጋለህ? አሁን የት ነህ? ምን አማራጭ አለህ? ምን ልታደርግ ወስነሃል?

እንግዲህ የኮች ዋና ሥራ መጠየቅና ማዳመጥ ነው። የሥነ ልቦና አማካሪ ብዙ ጊዜ የቆሰለውን ነገር ይመረምራል፣ እንዲድንም ይረዳል። ሜንተር ከራሱ ልምድ ያካፍላል። መጋቢ በቃሉና በጸሎት ነፍሳችንን ይጠብቃል። ኮች ግን ውሳኔውን ለእኛ ይተውልናል፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ “ያልኸውን አደረግህ ወይ?” ይለናል።

ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ ነገር አይደለም። ምሳሌ 20፥5 በሰው ልብ ያለውን ምክር ከጥልቅ ውኃ ጋር ያመሳስለዋል፤ አስተዋይ ሰው ግን ይቀዳዋል ይላል። ጌታችንም ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን፣ ችግሩ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆታል (ማር. 10፥51)። ሰው የሚፈልገውን በራሱ አንደበት ሲናገር በልቡ አንድ ነገር ይሠራል።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን”

የእኛ ትልቁ መሰናክል እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያደግነው በይሉኝታ ነው። “እንዴት ነህ?” ስንባል “እግዚአብሔር ይመስገን” እንላለን፤ ምስጋናው መልካም ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መሸሸጊያ እናደርገዋለን። አገልጋይ ስንሆን ደግሞ ይብስብናል። መድረክ ላይ ለሌላው የምንጸልይ ሰዎች፣ ለእኛ ይጸለይልን ማለት ያሳፍረናል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለእኛም ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት መጀመሪያ ኮች ጋር የሄድሁት፣ አብረውኝ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች ልቤን አድክመውት ነው። ሦስት ጊዜ ተገናኘን። ሦስቱንም ጊዜ የተናገርሁት ስለ እነርሱ ነው፤ ራእይ እንደሌላቸው፣ እንደማይሰሙኝ፣ ወጣቱን እንደማያስጠጉ። በሦስተኛው ቀን ያ ወንድም ታግሦኝ ታግሦኝ፣ “ይህን ሁሉ ለእነርሱ ነግረሃቸዋል?” አለኝ። “እነርሱ መቼ ይሰማሉ?” አልሁት። “አልነገርሃቸውም ማለት ነው?” አለ። አልነገርኋቸውም ነበር።

ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ለሁለት ወርም አልተመለስሁም። ያን ጊዜ እፈልግ የነበረው “እውነትህን ነው” የሚለኝ ሰው ነበር። የሚጠይቀኝን ሰው ግን ለመታገሥ ልቤ አልተዘጋጀም። የሰውየው ጊዜ፣ የእኔም ገንዘብ ባከነ። ሽማግሌዎቹም ያለ ስማቸው ሲነሡ ሰነበቱ።

ሮብዓምን አስቡት። ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፣ ምክራቸው ስላልጣመው ተወው፤ ከዚያ አብሮ አደጎቹን ጠየቀ፣ ልቡ የወደደውን ነገሩት (1ኛ ነገሥት 12)። ብዙ ሰው አማክሯል ልንለው እንችላለን፤ ሆኖም ዐሥሩን ነገድ አጣ። እኛም አንዱን ኮች ትተን ወደ ሌላው የምንሄደው የልባችንን እስኪነግሩን ድረስ ከሆነ፣ እርሱን መስለናል።

መጀመሪያ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው

አንዳንድ ሰው ደግሞ ዝግጁ ያልሆነው በእልከኝነት ሳይሆን በድካም ነው። ስለዚህ ሰው ጠንቀቅ ብለን መናገር አለብን።

ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት ስለ ዓላማው አልጠየቀውም። አስተኛው። መልአኩ ነካው፤ እንጎቻና ውኃ አገኘ፤ በልቶ ጠጥቶ እንደ ገና ተኛ። ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ሲደርስ ነው። ልብ በሉ፤ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ቀረበለት፣ እርሱም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መልስ መለሰ፤ ብቻዬን ቀረሁ አለ። ጌታ አልተሰለቸውም። ሥራ ሰጠው፣ ኤልሳዕንም እንዲቀባ አዘዘው፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ነገረው።

ስለዚህ እንቅልፍ ካጣችሁ ወራት ካለፉ፣ ሐዘናችሁ ገና ትኩስ ከሆነ፣ ቤታችሁ ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ፣ ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ኮች ፍለጋ አትሂዱ። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ የምታምኑት መጋቢ ዘንድ ሂዱ፤ ዛሬውኑ ሂዱ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ለኤልያስ እንጎቻ የላከ አምላክ ለእናንተም ሐኪም ቢልክ አይገርምም። እንዲህ ላለ ሰው የወር ግብ አውጣ ማለት ሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ጥሩ ኮችም ይህን ሲያይ ራሱ ወደሚገባው ባለሙያ ይመራችኋል።

ልትድን ትወዳለህን?

በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ጌታ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው (ዮሐ. 5)። መልሱ “አዎ” ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እንደሚቀድመው ነገረው። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ ሰው በእርግጥ አልነበረውም። ግን የተጠየቀው ሌላ ነበር።

እኛስ? “ቤተ ክርስቲያኔ ዕድል አልሰጠችኝም”፣ “ኑሮው ተወዷል”፣ “ባለቤቴ አይረዳኝም”፣ ውጭ አገር ያለነውም “ሁለት ሥራ እየሠራሁ ምን ጊዜ አለኝ?” እንላለን። አብዛኛው ውሸት አይደለም። ሆኖም ለኮቺንግ ዝግጁ የሚሆነው፣ ምክንያቱን ተናግሮ ሲያበቃ “እንዲህም ሆኖ በእኔ እጅ ያለው ምንድን ነው?” ለማለት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው።

ሙሴ እንዴት ሰማ?

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ይውል ነበር። አማቱ ዮቶር መጥቶ አየና፣ ስለ ምን ብቻውን እንደሚቀመጥ ጠየቀው (ዘጸ. 18)። ዮቶር ከመጠየቅ አልፎ መክሮታልም፤ ስለዚህ በዛሬው ትርጉም ኮች ነበር ማለቴ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ የሙሴ አሰማም ነው። ፊት ለፊት ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር፣ ባሕር የተከፈለለት መሪ ነው። “አንተ የምድያም ካህን ስለ እስራኤል ጉዳይ ምን ታውቃለህ?” ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን ሥራውን ሳይሸሽግ አስረዳ፣ ምክሩን ሰማ፣ ሰምቶም የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። ሥልጣኑን ለሌሎች አካፈለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዮቶር ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህም ትምህርት አለው። ኮች ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። ያለ እርሱ መወሰን ካቃተን፣ የቆምነው በጌታ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። የተሻገረ ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ለአንድ ሳምንት በጸሎት ያዙአቸው፤ መልሳችሁን በወረቀት ጻፉት።

1. በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እንዲለወጥ የምፈልገው አንድ ነገር ምንድን ነው? “ሁሉም ነገር” ብላችሁ ከጻፋችሁ ገና ናችሁ ማለት ነው።

2. ስለ ምን ባልጠየቅ እመርጣለሁ? እርሱን ከመንካት ውጭ ያለው ውይይት ብዙ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

3. አስቀድሞ የማውቀውንና ያላደረግሁትን ነገር ለምን አላደረግሁትም? ይቅርታ መጠየቅ ያለባችሁ ሰው ካለ ለእርሱ ኮች አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል።

4. ለለውጡ ምን እተዋለሁ? ግንብ የሚሠራ ሰው ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ሁለት ሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት፣ በመካከሉም የሚሠራ የቤት ሥራ አለ። ከየትኛው አገልግሎት፣ ከየትኛው የስልክ ሰዓት ትቀንሳላችሁ?

5. ይህን እንደምጀምር ባለቤቴ ወይም አንድ ታማኝ የእምነት ወዳጅ ያውቃል?

የምትመርጡትንም ሰው ጠይቁት። የት ሠለጠንህ? ምን ያህል ሰው አብረህ ሠርተሃል? የነገርሁህን ምስጢር እንዴት ትጠብቃለህ? መቼ እንጨርሳለን? በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቾች ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ደረጃ የምስክር ወረቀት ለመስጠት እንኳ ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምምድ ይጠይቃል። የምታገኙት ሁሉ ይህ ወረቀት ይኑረው አልልም፤ ግን በሁለት ቀን ሴሚናር ኮች ሆንሁ የሚለውን ቆም ብላችሁ መርምሩት። “ጌታ ስለ አንተ ነገረኝ” እያለ ውሳኔያችሁን ከእጃችሁ የሚወስድና ለዚያም የሚያስከፍል ሰው ከሆነ፣ በትሕትና አመስግናችሁ ውጡ።

ወደዚያ ወንድም ልመለስ። “ቆይ” ካልሁት በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታውም ቀዝቅዞ ነበር። አንድ ቀን ግን ደወለልኝ። ከሚስቱ ጋር ማታ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብለው እንደተነጋገሩ ነገረኝ። ቀላል አልነበረም፤ አልቅሳለች፣ እርሱም አልቅሷል። ያመራው የነበረው አገልግሎት ቤቱን እንዴት እንደበላው ከእርሷ አፍ ሰማ። ቅዳሜን ለቤቱ መለሰ፤ ለወጣቶቹም ሁለት ተተኪዎች ማዘጋጀት ጀመረ። ከዚያ፣ “ጋሼ፣ አሁን ስለ ቤቴም ቢጠይቀኝ እችላለሁ” አለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው አገናኘሁት።

እናንተም ዛሬ “ገና ነኝ” ብትሉ አትፈሩ። እውነቱን ተናግራችኋልና ጀምራችኋል። መርምረኝ ብሎ ልቡን ለጌታ መክፈት የለመደ ሰው፣ በወንድሙ ፊት መጠየቅ አያስፈራውም። ዛሬ ማታ ከዚያ ጀምሩ።

ጌታ ልባችንን ያዘጋጅ። ተባረኩ።