ኮርቻ የሚለካው በጀርባ ነው

በአዊ ያጌጠ ኮርቻ የባለቤቱ ክብር ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ተወልውሎ ይወጣል። ሆኖም በልክ የተሠራ ኮርቻም አንድ ቀን ልክ መሆኑ ይቀራል። ፈረስ ሲወፍር፣ ሲከሳ፣ ሲያረጅ ጀርባው ይለወጣል፤ የኮርቻው እንጨት ግን እንዳለ ነው። «ስንት ብር ወጥቶበት!» ብሎ በጠበበ ኮርቻ ሥር ጨርቅ መደረብ ይብሱን ማጥበብ ነው፤ መጨረሻውም ገጣባ ነው። ብሩ አንዴ ወጥቷል፤ ፈረሱ ለምን ይቁሰል?

መሸጡ ነውር የለውም። ነውሩ ለምን እንደሚሸጥ መደበቁ ነው። ሻጭ «ለፈረሴ ጠበበ» ይበል። ገዢም በጌጡ ሳይታለል ፈረሱን ይዞ ይምጣ፤ ጭኖ ጥቂት ይጋልብ። ሲያወርድ፣ ላብ ባራሰው ጀርባ መካከል ኮርቻው ያረፈበት ደረቅ ቦታ ካየ ኮርቻው እዚያ ይጫነዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኮርቻ በነፃ ቢሰጡትም ውድ ነው።